የደም ሕዋስ መሰባበርን በመድኃኒት ሳይሆን በፓምፑ ንድፍ እንቀንሰው

ልብ አጋዥ ፓምፕ የተተከለለት ሕመምተኛ ሽንቱ ኮካ መስሎ ሲወጣ፣ ፓምፑ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት እየተሰባበሩ ሊሆን ይችላል። ከሕዋሱ ውጪ የፈሰሰው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው ቀይ ንጥረ ነገር) ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ሥሮችን ዘና የሚያደርገውን ናይትሪክ ኦክሳይድም ይሻማል። ይህ ጉዳት ሕይወትን ለማቆየት የግድ የሚከፈል ዋጋ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበለውም። ሕዋሱን የሚሰብረው ጎን ለጎን የሚፈሱ የደም ንብርብሮች በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ የሚፈጠረው ኃይለኛ ጉተታና ደሙ በዚያ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም በአብዛኛው የሚወስነው የፓምፑ ቅርጽ ነው።

የልብ ቀዶ ሐኪሙ ማይክል ደቤኪ ከናሳ መሐንዲሶች ጋር የሠራው ፓምፕ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። የመጀመሪያው ንድፍ ደም ይሰባብር፣ ደሙን በሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል (በመዘውሩ) መደገፊያዎች አካባቢም ደም ያረጋ ነበር። የናሳ ኤምስ ማዕከል ባለሙያዎች ዶቻን ክዋክና ቼቲን ኪሪስ፣ በጠፈር መንኮራኩር ሞተር ውስጥ የነዳጅ ፍሰትን ያሰሉበት የነበረውን የኮምፒውተር ዘዴ ወደ ደም አዞሩት፤ ከዋናው መዘውር ፊት ግፊቱን ቀስ በቀስ የሚያሳድግ ተጨማሪ ክፍል እንዲገባ በማድረግም ጉዳቱን ቀነሱት። ፓምፑ እ.ኤ.አ. በ1998 በአውሮፓ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተተከለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሃርትሜት 3 የተባለው ልብ አጋዥ ፓምፕ ይበልጥ ያሳምነኛል። የቀደመው ሃርትሜት 2 መዘውር በመደገፊያ ላይ ተቀምጦ ሲሽከረከር፣ የሃርትሜት 3 መዘውር ግን ምንም ሳይነካ በማግኔት ኃይል ተንሳፍፎ ይዞራል፤ ደሙ የሚያልፍበት ክፍተትም ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው፣ 1,028 ሕመምተኞችን ባካተተው ጥናት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ፓምፑ ውስጥ ደም ረግቷል ተብሎ የተጠረጠረባቸው ወይም የተረጋገጠባቸው በአዲሱ 1.4 በመቶ፣ በቀድሞው 13.9 በመቶ ነበሩ፤ ፓምፑ ውስጥ የረጋ ደም ፍሰቱን ስለሚያውክ ሕዋሳትንም ይሰባብራል። ሁለቱም ወገኖች የደም መርጋትን የሚከላከሉትን ዋርፋሪንና አስፒሪን ይወስዱ ስለነበር፣ ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን ማሽኑ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በሃርትሜት 3 ተጠቃሚዎች ላይ አስፒሪኑን ማስቀረት የመርጋት አደጋን ሳይጨምር የደም መፍሰስን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

አሁን የሚያሳስበኝ በደም ሥር በኩል ለጥቂት ቀናት የሚገባው ትንሹ ፓምፕ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢምፔላ ሲፒ በደቂቃ እስከ 46,000 ዙር ይሽከረከራል፤ የመግቢያው አፍ ከልብ ግድግዳ ወይም ከቫልቭ ጅማት ጋር ሲጠጋ ደግሞ ደሙ በጠባብ ቦታ እየተሳበ ይሰባበራል። ስለዚህ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ነፃ ሄሞግሎቢን በየዕለቱ ሊለካ፣ ሲጨምርም ፓምፑ ያለበት ቦታ በልብ አልትራሳውንድ ታይቶ ሊስተካከል ይገባል።

ፓምፖች ደም ምን ያህል እንደሚሰባብሩ የሚለካበት የላቦራቶሪ ሙከራም መለወጥ አለበት። የተለመደው ሙከራ በደቂቃ 5 ሊትር ደም፣ በ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት፣ ለ6 ሰዓት ያህል በተረጋጋ ሁኔታ የሚካሄድ ነው። ተቆጣጣሪዎች አምራቾችን መጠየቅ ያለባቸው ግን መግቢያው በከፊል ሲዘጋ፣ ፍሰቱም ሲቀንስ የሚደርሰውን ጉዳት ጭምር ለክተው ውጤቱን ለሐኪሞች እንዲያሳውቁ ነው።