ማስተካከያ፦ ስለ ቼሪ ፍሬና ስለ ሪህ በሽታ

ቀደም ሲል ስለ ቼሪ በወጣው ጽሑፍ ፍሬው «ሪህን ይፈውሳል» መባሉ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመውና 633 የሪህ ሕሙማን የተሳተፉበት የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ቼሪ በበሉባቸው ሁለት ቀናት ውስጥ ሕመሙ የመቀስቀስ ዕድሉ በ35 በመቶ ዝቅ ብሎ መታየቱን ቢገልጽም፣ ይህ ተዛማጅነትን እንጂ ፈውስን አያረጋግጥም፤ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ለማቋረጥ ደግሞ ከቶ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

አተካከልን በተመለከተም «አንድ ዛፍ ብቻውን ያፈራል» የተባለው እንደ ሞንትሞረንሲ ላሉ ኮምጣጣ ዝርያዎች እንጂ ለአብዛኞቹ ጣፋጭ ቼሪዎች አይሠራም። እነዚህ በአቅራቢያቸው በተመሳሳይ ወቅት የሚያብብና የሚስማማቸው ሌላ ዝርያ ያስፈልጋቸዋል፤ ቢንግና ላምበርት የተባሉትን ጣፋጭ ዝርያዎች ብቻ ጎን ለጎን መትከል ግን፣ ሁለቱ እርስ በርስ ስለማይዳቀሉ፣ ከንቱ ድካም ነው።