በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ማስቀየር ይብቃ

«ፓስወርድዎ ጊዜው አልፎበታል። ቢያንስ አንድ ካፒታል ሌተር፣ አንድ ስሞል ሌተር፣ አንድ ቁጥርና አንድ ምልክት ያለው አዲስ ፓስወርድ ያስገቡ።» በመሥሪያ ቤት ሲስተም የሚሠራ ሰው ይህን መልእክት በቃሉ ያውቀዋል። መልሱም ያው ነው፤ ስሙን በካፒታል ጀምሮ መጨረሻው ላይ @123 ይጨምርበታል። ከሦስት ወር በኋላ @124 ይሆናል። ደንቡ ተሟልቷል፣ ሲስተሙም ተቀብሎታል። ስሙን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ግን በጥቂት ሙከራ ሊደርስበት ይችላል።

ይህ ደንብ መነሳት አለበት እላለሁ። ደካማ ፓስወርድ የሚወልደው ራሱ ደንቡ ነው። ደህንነትን የማስጠበቁ ሥራ ሲስተሙን ከሚያዋቅረው ዲቨሎፐርና ሲስተሙን ከሚረከበው መሥሪያ ቤት ላይ ወርዶ፣ ሌላ ሥራ ያለባት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ላይ ተጭኗል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ለደህንነትም አልበጀም።

የደንቡ ምንጭ ይታወቃል። ኒስት በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ያዘጋጀው መመሪያ ነው፤ የፓስወርዱን ምክር የጻፈው ቢል በር የተባለ ባለሙያ ነበር። ዓለም ሁሉ ገለበጠው። ቢል በር ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል በሰጠው ቃል በምክሩ መጸጸቱን ተናገረ። በዚያው ዓመት ኒስት መመሪያውን ቀየረ፦ ፓስወርድ መሰረቁ ካልታወቀ በቀር በየጊዜው አታስቀይሩ፣ ምልክትና ካፒታል አታስገድዱ፣ ርዝመትን ፍቀዱ አለ። በ2025 በወጣው አራተኛ እትም ደግሞ ምክሩን ወደ ክልከላ አሳደገው። ፓስወርድ ብቸኛው መግቢያ ከሆነ ቢያንስ 15 ፊደል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ (ለምሳሌ በስልክ አፕ የሚመጣ ኮድ) ካለ ቢያንስ 8 ፊደል ይሁን ይላል። እኛ ጋ ግን ደራሲው ራሱ የተጸጸተበት ደንብ ዛሬም በጨረታ ሰነዶች ላይ እንደ መስፈርት ይገለበጣል።

የባንክ ባለሙያዎች «የካርድ ክፍያ ስታንዳርድ ያስገድደናል» ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው ይህ ስታንዳርድ (እትም 4.0.1) በየ90 ቀኑ መቀየርን የሚጠይቀው ፓስወርድ ብቻውን መግቢያ ሲሆን ነው። ሁለተኛ ማረጋገጫ ሲኖር ግዴታው ይቀራል። ስታንዳርዱም የሚመለከተው የካርድ መረጃን የሚነኩ ሲስተሞችን እንጂ የሠራተኛ ፈቃድ መጠየቂያውን አይደለም።

ዋናው ቀዳዳ ያለው ተጠቃሚው በማያየው ቦታ ነው። ዌብሳይትና ሲስተም የሚሠራበትን ዲጃንጎ የተባለ ዝግጁ ኮድ እንውሰድ፤ እኛ ጋ ብዙ ወጣት ዲቨሎፐሮች ይሠሩበታል። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት አራት የፓስወርድ ፍተሻዎች በሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፦ ከተጠቃሚው ስም ጋር መመሳሰሉን፣ ከ8 ፊደል ማነሱን፣ 20,000 ገደማ የተለመዱ ፓስወርዶች ዝርዝር ውስጥ መኖሩንና ሙሉ በሙሉ ቁጥር መሆኑን ያያሉ። ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን ፍተሻው የሚሠራው ሰው ራሱ ቅጽ ሞልቶ ሲመዘገብ ወይም ፓስወርዱን ሲቀይር ነው። ዲቨሎፐሩ በኮድ አካውንት ሲፈጥር አይሠራም፤ የዲጃንጎ ሰነድም ይህን በግልጽ ጽፎታል። እኛ ጋ ደግሞ አካውንት የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ የሰው ኃይል ክፍሉ የሠራተኞችን ዝርዝር በኤክሴል ይልካል፣ ዲቨሎፐሩ በአንድ ስክሪፕት ሁሉንም ያስገባል፣ መነሻ ፓስወርዱ የእያንዳንዱ ሰው ስልክ ቁጥር ይሆናል። ዲጃንጎ ስልክ ቁጥርን «ቁጥር ብቻ ነው» ብሎ ይመልሰው ነበር፤ ግን አልተጠየቀም። መጀመሪያ ሲገቡ እንዲቀይሩ የሚያስገድድ ነገር ካልተጨመረ፣ ያ ስልክ ቁጥር ዓመታት ይቆያል። የባልደረባውን ስልክ የማያውቅ ሠራተኛ ደግሞ የትም የለም።

ሌላው ጉድለት የሙከራ ገደብ ነው። ዲጃንጎ በራሱ የሎጊን ሙከራን አይገድብም፤ ተጨማሪ ፓኬጅ መጫን ያስፈልጋል። ካልተጫነ አንድ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ሲገምት ቢያድር የሚያስቆመው የለም። የተለመዱ ፓስወርዶች ዝርዝሩም ከውጭ የመጣ ነው፤ የእኛን ሰው ልማድ አያውቅም። ዲቨሎፐሩ የራሱን ዝርዝር መስጠት ይችላል፣ ሊሰጥም ይገባል፦ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ በብዛት የሚታወቁ ስሞች ከ@123 ጋር፣ ዓመተ ምህረቶች። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሮክዩ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ፓስወርዶች ያለ ምንም ምስጠራ ሲዘረፉ ከሁሉ የበዛው 123456 ነበር። ሰርጎ ገቦች እንዲህ ያለውን ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት፤ በር ላይ ቆሞ የሚመልሳቸው ሲስተሙ መሆን አለበት።

የካፒታል ሌተሩ ግዴታ ደግሞ ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። የግዕዝ ፊደል ካፒታልና ስሞል የለውም። ስለዚህ ይህ ደንብ ያለበት ሲስተም በአማርኛም በትግርኛም የተጻፈን ፓስወርድ፣ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ «ደካማ» ብሎ ይመልሳል። ኒስት ግን ዩኒኮድ፣ ማለትም ግዕዝን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚይዘው የኮምፒውተር አጻጻፍ፣ እንዲፈቀድ ይመክራል። መፍቀድ ብቻውንም አይበቃም፤ ዲቨሎፐሩ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛ፣ ፓስወርድን ለመመስጠር በስፋት የሚያገለግለው ቢክሪፕት የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይቶች (ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚለካበት አሃድ) ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ24ኛው ፊደል በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይጣላል። አርጎን2 የተባለው ሌላ መመስጠሪያ ይህ ችግር የለበትም። ሁለተኛ፣ ለእኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ዛሬ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ ሰው ነገ «ጸሀይ» ቢል በሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ የተጻፈውን የሚያሳየው የዓይን ምልክት የግድ ያስፈልጋል።

የግዕዝ ኪቦርድ በሌለበት ኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍም ጥሩ መንገድ ነው፤ በቴሌግራም ሁላችንም የምናደርገው ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት፣ በመሀላቸው ክፍት ቦታ ያለባቸው፣ ከ@123 እጅግ ይበልጣሉ። ተረትና ምሳሌ ግን አይሁን፤ ሌላውም ያውቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሲስተሙ ክፍት ቦታን ከፈቀደ፣ 12 ፊደል ላይ ካልቆረጠና ኮፒ ፔስትን ካልከለከለ ነው። ፔስት መከልከል በተለይ ፓስወርድ የሚያስቀምጥላቸውን ፕሮግራም (ፓስወርድ ማኔጀር) የሚጠቀሙ ሰዎችን ይቀጣል።

ስለ ኤስኤምኤስም ልናገር። የጠፋ ፓስወርድ የሚመለሰው በስልክ በሚላክ ኮድ ብቻ ከሆነ፣ ሲም ካርዱን የያዘው ሰው የአካውንቱ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ለሥራ ሪያድ ወይም ቤይሩት የሄደች እህታችን የአገር ቤት ሲሟን ለዘመድ ትታ ትሄዳለች፤ ወይም ቁጥሩ ሳይሠራ ቆይቶ ይዘጋና ለሌላ ሰው ይሸጣል። ላቧን ያጠራቀመችበት አካውንት በዚያ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ኮድ የሚያመነጭ አፕ ወይም አስቀድመው የሚታተሙ የመጠባበቂያ ኮዶች አማራጭ ሆነው ይቅረቡላት።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ የሚይዝ ተቋም ሁሉ መረጃውን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ግዴታው የሚጀምረው ሲስተሙን ከመረከብ ነው። የርክክብ ኮሚቴው አንድ ከሰዓት ይመድብ። ከኤክሴል በገባ አካውንት በስልክ ቁጥሩ ለመግባት ይሞክር። የተሳሳተ ፓስወርድ ሃያ ጊዜ ያስገባ። ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፓስወርድ አድርጎ መዝግቦ፣ የመጨረሻውን ቃል ቀይሮ ይሞክር። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ሲስተሙ ሳይከለክል ካሳለፈው፣ ቀሪው ክፍያ እስኪስተካከል ይያዝ።