ምስጋና ለድሬ ሙቀት

ለድሬዳዋ ሙቀት ሐውልት ይገባዋል። ለገሃር ፊት ለፊት፣ በክብር። በዚህ ከተማ እንደሱ ቻይ የለም። ከቀጠሮ ስንዘገይ እሱ ነው፤ ስንነጫነጭ እሱ ነው፤ ሥራ ስንጠላም በሱ እናሳብባለን። አሁን ደግሞ ትልቁን ሸክም ተሸከመልን። ከአንገታችን እስከ ቁርጭምጭሚታችን የሚያሳክከን ሁሉ እሱ ሆነ። ትኋን? ኧረ በስመአብ! ኧረ ቢስሚላሂ! ድሬ ውስጥ ትኋን የለም። ሙቀት ነው።

ባለፈው ወር አጎቴ ለለቅሶ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ነበር። ቤታችን በእንግዳ ስለሞላ አንድ ፔንሲዮን አሳደርነው። ጠዋት ክንዱ ላይ ቀያይ እብጠቶች ተደርድረው አገኘናቸው። ይዤው ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። ልጅቷ ክንዱን አየችና በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች።

«አባባ፣ ለሙቀቱ አዲስ ሆነው ነው።»

አቦ፣ እውቀት እንዲህ ነው! እኛ የምናውቀው የሙቀት ሽፍታ ላብ በሚጠራቀምበትና ልብስ በሚጣበቅበት ቦታ የሚወጣውን ነበር። የፔንሲዮኑ ሙቀት ግን ምርጫ አለው። አንሶላ ያልሸፈነውን ክንድና አንገት ብቻ ይፈልጋል። ሲወጣም ሦስት አራት ሆኖ በመስመር ነው። ለባጃጅ እንኳን ሰልፍ በማይያዝበት ከተማ ሙቀቱ ሰልፍ ለምዷል።

አጎቴ ሙቀቱን በሻንጣው ይዞ አገሩ ገባ። አሁን ሚስቱም ማከክ ጀምራለች። ጋቢ ደርበው በሚተኙበት ብርድ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ የድሬ ሙቀት! ደውላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? የአየር ንብረት ለውጥ ነው ልበላት?

ይህ የኛ «ሙቀት» ጠፍጣፋ ነው። ክንፍ የለውም። ሲያድግ 5 ሚሊ ሜትር ያህላል። ትንፋሻችንንና የገላችንን ግለት ተከትሎ ሌሊት፣ በተለይ ሊነጋጋ ሲል ይመጣል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ደም ይጠጣና ወደ ፍራሹ ስፌት ይመለሳል። ሲነክስ አይሰማም። ማሳከኩ የሚመጣው በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ አንድ አልጋ ላይ ካደሩት ባልና ሚስት አንዱ ሲታከክ ሌላው «እኔን ምንም አልነካኝ፤ ችግሩ ያንተ ደም ነው» ይላል። ስንቱ ጭቅጭቅ በዚህ ተጀምሮ ይሆን?

ትኋን በሽታ ወደ ሰው ስለማስተላለፉ ማረጋገጫ የለም። ይህን የሰማ ሰው ደረቱን ይነፋል፤ «ታዲያ ምን ጎዳን?» ምንም አልጎዳንም። እንቅልፍ ብቻ ነው የወሰደብን። ሲገላበጥ ያደረ ሹፌር መሪ ላይ ያንቀላፋል፤ ሲታከክ ያደረ ተማሪ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋና ጆሮውን ይጠመዘዛል። በጥፍር የተላጠ ቆዳ ይመግላል። የአንዳንዱ ሰው ገላ ተቆጥቶ ውሃ ይቋጥራል። ቤቱ ክፉኛ ከተወረረ ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን ደም እስከማነስ ሊያደርስ ይችላል። ትኋኑ ከጠፋ በኋላ እንኳን ገላው ላይ የሚሄድ ነገር እየመሰለው መብራት አብርቶ የሚያድር አለ። ይኼ ሁሉ ተደምሮ «ምንም» ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ቸርነታችንን ነው። አንድ ፍራሽ ልንገራችሁ። የጥጥ ፍራሽ ነው፤ ትውልዱ ሳቢያን ሰፈር። ባለቤቷ እመቤት ስፌቱ ላይ በስክሪብቶ የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ጥቁር ነገር አየች። ምን እንደሆነ ገባት። ምን አደረገች? ለሠራተኛዋ መረቀችላት። «ሲሚንቶ ላይ አትተኚ የኔ ልጅ፣ ብርድ ይመታሻል» አለቻት። ድሬ ላይ! ሠራተኛዋ ሁለት ሳምንት ታከከች። ሙቀት ነው ተባለች። ለዘበኛው ሰጠችው። ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማደር ጀመረ፤ ጥበቃው ተሻሻለ፣ ተመሰገነም። እሱም በተራው ገንደ ቆሬ በርጫ ቤት ላለው ዘመዱ አበረከተው። እዚያ ለሁለት ተቆርጦ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ የወለል መቀመጫ፣ መጅሊስ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡት ሁሉ ጀርባቸውን ያካሉ። «የዛሬው ጫት መድኃኒት ተረጭቶበታል» ይባባላሉ። ጫት ሻጯ ተሰደበች፤ ደንበኛ ቀየሩ። አዲሱም ጫት አሳከከ። በርጫ ቤቱ ሲዘጋ ፍራሹን ቁራሌው ገዛው። ሁለት ወር ጥግ ላይ ተጥሎ ማንም አልተኛበትም። ትኋን ግን ጾም ያውቃል፤ ወራት ሳይበላ ይቆያል። ከዚያ ፍራሽ የሚያድሰው ሰው እጅ ገባ። ጥጡን በዱላ ነረተው፣ አንድ ላይ ሰፋው፣ አበባ አበባ ያለው አዲስ ልብስ አለበሰው። ገበያ ወጣ። አንዲት የሳቢያን እመቤት በእጇ ጫን ጫን አድርጋ «የድሮ ጥጥ እንዲህ ነው» ብላ፣ ተከራክራ ወሰደችው። ለእንግዳ ክፍል። ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ጉዞ ትኋኑ አንድ ብር ትራንስፖርት አልከፈለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለሌላ ከተማ ነው። እዚህ በሽታውን የደበቀ ክብር አለው። ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት ነው ብለን ወስነናላ! እሱ ግን የመጣው ለደም ነው። ወለላችሁ ቢወለወል ባይወለወል ግድ የለውም። በሻንጣና በዕቃ ተሳፍሮ እምነበረድ ቤትም ይገባል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁመው። ለሰብል የተሠራ ፀረ ተባይ፣ ማላታይን፣ ስሙ በተላጠ የውሃ ፕላስቲክ ገዝቶ፣ ልጅ የሚተኛበት ፍራሽ ላይ የሚያፈስ ሰው አለ። መስኮት ዘግቶ። በዚያው ሌሊት ልጁን እዚያው ላይ የሚያስተኛ አለ። ይኼ መርዝ ነው! ነርቭ የሚመታ መርዝ ነው። ያስመልሳል፣ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ የዓይን ብሌን ያጠባል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይገድላል። «ትንሽ ነፋ አርግበት» ብሎ የሚሸጠውም ሰው ይህን አያጣውም። ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ ሕፃን መርዝ ላይ ይተኛል። ጎረቤት ቢሰማስ? እሱም እኮ እያከከ ነው!

ይልቅ የሚገርመው፣ ትኋንን ከሚፈጁት ነገሮች አንዱ ራሱ ሙቀት ነው። ስሙን ያጠፋነው ሙቀት! የድሬ 35 ዲግሪ ግን አይበቃም። 50 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ እስከ ፍራሹ ሆድ ዘልቆ፣ መቆየት አለበት። በ60 ዲግሪ ውሃ የታጠበ አንሶላና የአልጋው መጋጠሚያ ላይ የተደፋ የፈላ ውሃ ሥራ ይሠራሉ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ፍራሽ ግን ላዩ ነው የሚግለው፤ ትኋኑ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። የድሬ ልጅ ነው፣ ጥላ ያውቃል።

በቀደም ግቢያችን ተሰበሰበ። አጀንዳው ሙቀት ነው። ሁሉም እያከከ መጣ። መጀመሪያ በጋራ ቬንትሌተር ይገዛ ተባለ። ከዚያ አንድ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ እኔ ቤት እንኳን የለም። ግን ለእናንተ ስል የኔም አልጋ ይቀቀል።»

ግቢው ተነፈሰ። «እኛም ጋ የለም፣ ግን እንተባበራለን» ያላለ አልነበረም። ሁሉም ቤቱ የሌለውን ትኋን ለሌላው ሲል ሊያጠፋ ተስማማ። ያውም በአንድ ቀን፤ ምክንያቱም አንዱ ቤት ብቻ ሲባረር በግድግዳው ስንጥቅ ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ቅዳሜ በርሜል ተጣደ። አንሶላው፣ መጋረጃው፣ የመጅሊሱ የትራስ ልብስ ሁሉ ወጣ። ጭሱን ያየች የማዶው ግቢ ሴት በአጥሩ በላይ ብቅ አለች።

«እናንተ፣ ሰርግ አላችሁ እንዴ?»

ተያየን።

«አዎ ልጄ» አሉ ሐጂ።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ለእንግዶቻችሁ ፍራሽ ካጠራችሁ እኛ ጋ ትርፍ አለ። ቆንጆ የድሮ ጥጥ።»