ፆታ አይለይም፣ ብዛት 2

የደሴ ፒያሳ ኮፒ ቤቶች ባይኖሩ የወሎ ልጅ በምን ሥራ ይፈልግ ነበር? እውነቴን ነው። ዲግሪህን ይዘህ ትገባለህ። ልጅቷ ቀና ሳትል «ሲቪ ነው?» ትልሃለች። ስምህን፣ ስልክህን፣ የተማርከውን ትነግራታለህ። የቀረውን እሷ ታውቀዋለች። ታታሪ ነህ። በቡድን መሥራት ትወዳለህ። የሥራ ጫና አይበግርህም። እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር፣ ማዳመጥ፦ እጅግ በጣም ጥሩ። ከአንተ በፊት የገባው ነርስም እንዲሁ ነበር። ከአንተ ኋላ የቆመው መሐንዲስም አሁን ይሆናል። እንዲህ ያለ እኩልነት የት አገር አለ?

ዲዛይኑማ ማሻአላህ ነው! ዙሪያውን የቀሚስ ጥልፍ የመሰለ ጠርዝ። ከላይ በቀኝ ጉርድ ፎቶ። በጎን ሰማያዊ ዓምድ፣ ውስጡ ስልክና ኢሜይል። «ወርድ 95 ፐርሰንት» የሚል፣ በቀለም የተሞላ መስመር። የቀረችው 5 ፐርሰንት ምን እንደሆነች የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከታች ሃይማኖት፣ ቁመት፣ የጋብቻ ሁኔታ። ለሥራ ባይሆን ለትዳር ይሆናል፤ ወረቀት ባክኖ አይቀርም።

ችግሩ ያ ደረቅ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚቀበሉበት። ውበት አይገባውም። ጽሑፉን ብቻ ለቅሞ ስምን በስም ቦታ፣ ትምህርትን በትምህርት ቦታ ይከታል። ፎቶው፣ ጥልፉ፣ የተሞላው መስመር ለእሱ የለም። ሁለት ዓምድ ሲገጥመው አንዳንዴ ወደ ጎን ያነብና ስልክህን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያጋባዋል። የታተመውን ሲቪ በሞባይል ፎቶ አንስተህ «ፒዲኤፍ ነው» ብለህ ከላክህማ፣ ከፎቶ ላይ ፊደል መልቀም የማይችል ከሆነ ባዶ ወረቀት ነው የደረሰው።

የዘመን አቆጣጠራችንስ ውለታ! «በ2014 ተመረቅሁ» ብሎ፣ እንደ ኢትዮጵያ መሆኑን ሳይናገር የላከ ልጅ፣ ፈረንጁ ሶፍትዌር ዘንድ ስምንት ዓመት ቀድሞ ተመርቋል። ገና ሰባተኛ ክፍል ሳለ መሆኑ ነው።

ማስታወቂያው «ፒችትሪ የሚችል» ይላል፤ የሒሳብ መሥሪያውን ሶፍትዌር ማለቱ ነው። የእኛ ሒሳብ ሠራተኛ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ ኮምቦልቻ ላይ ዓመት ሙሉ በፒችትሪ ሠርቷል። ሲቪው ላይ ግን «የተለያዩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች» ብሎ በጨዋ ደንብ አለፈው። ታታሪነቱን ሲያውጅ ያልታየው ይሉኝታ እዚህ ጋ መጣበት። ቀጣሪው «ፒችትሪ» ብሎ ሲፈልግ ጨዋው ልጅ አይወጣም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ነጭ ቀለሙን ነው። አዲሱ ብልሃት እሱ ነው። ማስታወቂያውን እንዳለ ገልብጦ ሲቪው ግርጌ በነጭ ቀለም፣ በደቃቅ ፊደል መለጠፍ። ሰው አያየውም፣ ማሽኑ ያነበዋል። ሊቅነት ነው! ማሽኑ የለቀመውን ለቀጣሪዋ ሲያሳይ ግን ቀለም አይለይም። ሴትዮዋ ራሷ የጻፈችውን ማስታወቂያ አመልካቹ ሥር ቁጭ ብሎ ታገኘዋለች። ልጁ ፆታው አይለይም። ብዛቱ 2 ነው። ደመወዙ በስምምነት።

ቢሆንም አብሽሩ። ካልተጠራን «ማሽኑ ጣለኝ» አለልን። ድሮ «ዘመድ የለኝም» ነበር፤ ይህኛው ሠልጠን ይላል። እርግጥ ሶፍትዌሩ ባብዛኛው ደርድሮ ለሰው ነው የሚያቀርበው። ራሱ ቆርጦ የሚጥልህ ብዙ ጊዜ ማመልከቻው ላይ «ሦስት ዓመት ልምድ አለህ?» ተብለህ «የለኝም» ስትል ነው። ይህን ግን ቡና ላይ ማንሳት ጨዋታ ማበላሸት ነው። ቶናው እየተቀዳ «ማሽኑ ጣለኝ» ስትል ቤቱ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልሃል። እናትህም ስኒውን እያቀበለችህ «የማን ልጅ ነው ደሞ እሱ?» ትላለች።