«ጥሪው እየተቀዳ ነው»፦ የአሌክሳንድሪያና የሲልቨር ስፕሪንግ ነጋዴዎች ክርክር

ርዕሱ፦ አነስተኛ ነጋዴ አዲስ ደንበኛ ሲደውልለት ጥሪውን መቅዳት አለበት ወይስ የለበትም? «አለበት» የሚሉት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚሠሩ የቤት እድሳት ተቋራጭ ናቸው። «የለበትም» የሚሉት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የድግስ ምግብ የሚያዘጋጁ ናቸው።

ተቋራጩ፦

በእኛ ሥራ ጠብ የሚጠነሰሰው ውሉ ላይ አይደለም። ውሉ ሳይጻፍ በፊት በነበረችው የስድስት ደቂቃ ስልክ ላይ ነው። ደንበኛዋ «ሻወሩን ታይል አልብስልኝ» ትላለች። እስከ ስንት? ባለ 60 ኢንች ገንዳ የሚቀመጥበት ቦታ ሦስቱ ግድግዳ ተደምሮ ወርዱ 10 ጫማ ነው። ታይሉ 6 ጫማ ላይ ቢቆም 60 ካሬ ጫማ፣ 8 ጫማ ድረስ ቢወጣ 80። ለስባሪና ለቁራጭ 10 በመቶ ሲታከልበት 66 እና 88 ይመጣል። ያቺ የ22 ካሬ ጫማ ልዩነት ታይል ብቻ አይደለችም፤ ሙጫም፣ ግራውትም (የታይል መሀል መሙያ)፣ የሠራተኛ ቀንም አለባት። ታይሉን ማን ይገዛል? ፍርስራሹን ማን ጭኖ ይጥላል? ፐርሚቱን ማን ያወጣል? ይህ ሁሉ በስልክ ሲነገር ሰሚው ወይ መሰላል ላይ ነው ወይ 395 አውራ ጎዳና ላይ እየነዳ ነው።

ስለዚህ ይቀዳ። ቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃኛል ትላለች፤ ዲሲም እንደዚያው። የሜሪላንድ ሕግ ይለያል፤ እሱም ቢሆን አያስቸግርም። የደዋዩ ቁጥር በሜሪላንድ ኮድ፣ በ301 ወይም በ240፣ ከጀመረ መቅጃውን አለመንካት ነው።

ምግብ አዘጋጇ፦

ቁጥሩን አይተው! ወንድሜ፣ የስልክ ቁጥር መታወቂያ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ከአርሊንግተን ተነሥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የገዛ ሰው የቨርጂኒያ 703 ቁጥሩን ይዞት ነው የሚሄደው። የዲሲ 202 ይዞ ሜሪላንድ፣ ሀያትስቪል የሚኖር ስንት አለ! ደግሞ ቨርጂኒያ ሆኖ የደወለልዎ ሰው ቤልትዌይ በሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ እየነዳ የፖቶማክ ወንዝን በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ሲሻገር ሜሪላንድ ገባ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ይለወጣል?

በሜሪላንድ ሁሉም ተነጋጋሪ ሳይፈቅድ መቅዳት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጫ ያለው ከባድ ወንጀል ነው። የተቀዳው ሰው በፍትሐ ብሔር ከከሰሰ በቀን 100 ዶላር ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይጠይቃል፤ የጠበቃውም ወጪ አለ። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ቅሌት ጊዜ ሊንዳ ትሪፕ የጓደኛዋን የሞኒካ ሉዊንስኪን ስልክ የቀዳችው ሜሪላንድ፣ ኮሎምቢያ ካለው ቤቷ ነበር፤ በ1999 ተከሰሰችበት። ወንዙን ለተሻገረ ጥሪ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ጠበቆች ይከራከሩ ይሆናል፤ የሚከራከሩት ግን በእርስዎ ገንዘብ ነው።

የቨርጂኒያዎንም ሕግ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። መቅዳቱን ፈቅዳ ማስረጃነቱን ነፍጋለች። በፍትሐ ብሔር ክርክር፣ የወንጀል ድርጊት የታመነበት ካልሆነ በቀር፣ የስልክ ቅጂ የሚቀርበው እየተቀዳ መሆኑን ሁሉም ተነጋጋሪ ካወቀ ነው። ደንበኛዋ ሳታውቅ የቀዱትን የታይል ወሬ ዳኛው አይሰማልዎትም።

ተቋራጩ፦

የትሪፕ ክስ በ2000 ተነሣ። ይህችን ለምን ዘለሏት? ድልድዩንም ይተዉልኝ፤ እኔ ግንበኛ እንጂ የድልድይ ዘበኛ አይደለሁም።

መጀመሪያም ያልኩት አስታውቆ መቅዳት ነው። አይፎን ከአይኦኤስ 18.1 ወዲህ መቅዳት ሲጀምር ለሁለቱም ወገን ራሱ ያስታውቃል። የጉግል የስልክ አገልግሎት በሆነው በጉግል ቮይስ ላይ ደግሞ በቅንብሩ ውስጥ የጥሪ መቅጃውን ከፍቶ፣ በጥሪው መሀል 4 ቁጥርን መጫን ነው፤ ያስታውቅና ይቀዳል፣ ድጋሚ 4 ሲጫን ያቆማል። ባንኩ ይቀዳናል፣ ኢንሹራንሱ ይቀዳናል፣ ማንም አላኮረፈም። ሐበሻ ለሐበሻ ሲሆን ግን ነውር ሆነ!

ምግብ አዘጋጇ፦

«መጀመሪያም ያልኩት» አሉ? መጀመሪያ ያሉት «በ301 ከጀመረ አለመንካት ነው» የሚል ነው። ከፍ ብሎ ተጽፏል። ሊያስታውቅ ያሰበ ሰው ቁጥር እያየ ምን ያስመርጠዋል?

በ4 ቁጥር የሚቀዳው ገቢ ጥሪ ብቻ ነው። መሰላል ላይ ሆነው ያላነሡትን ስልክ ማታ መልሰው ሲደውሉ አይሠራልዎትም፤ የተቋራጭ ስልክ ደግሞ ግማሹ መልሶ መደወል ነው። ማስታወቂያውም በእንግሊዝኛ ይናገራል። ለተዝካር የደወሉ እናት ያንን የማሽን ድምፅ ሲሰሙ ይዘጉና ሌላ ጋ ይደውላሉ።

የሚያዋጣው ስልኩ በተዘጋ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚላክ መልእክት ነው፦ «ቅዳሜ፤ 100 አዋቂ፣ ልጆች ሳይቆጠሩ፤ የፍስክ፤ 9 ዶሮ፣ 100 እንቁላል፣ 200 እንጀራ፤ ዕቃ መመለስ በእናንተ። ያልተስማማዎት ካለ ዛሬ ይንገሩኝ»። 9 ዶሮ የሆነው አንዱ 12 ብልት ስለሚወጣው ነው፤ 108 ብልት ለ100 ሰው። ቅጂ ቢኖር ግን የሚሰማው «መቶ ሰው ነን» የሚል ድምፅ ነው። ልጆቹ አሉበት የሉበትም? ሳይጠየቅ የቀረውን ነገር ቅጂው ከየት ያመጣዋል?

ተቋራጩ፦

መልእክቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ቃሉም የእርስዎ ነው። ደንበኛው ባይመልስስ? ዝምታው እሺታ ነው? «እንደ ፈቀድክ አድርገው» ያለ ሰው ከልቡ ይሁን ተሰላችቶ በድምፁ ይታወቃል፣ በጽሑፍ አይታወቅም።

ደግሞ እህቴ፣ ድስትዎንና ግድግዳዬን አያወዳድሩ። እንጀራ ቢጎድል ተሮጦ ይገዛል። የተለጠፈ ታይል ግን ሲነቀል የተለጠፈበትን ሰሌዳ ይዞ ነው የሚወርደው። ይህን ስላልኩ ሰላይ መምሰሌ ገርሞኛል።

ምግብ አዘጋጇ፦

ሰላይ አላልኩም፤ ቃሉን ያመጡት እርስዎ ነዎት። እኔን የሚያሳስበኝ ቅጂው የሚያድርበት ቦታ ነው። ደንበኛ ቀብድ ልክፈል ብሎ የካርዱን ቁጥር ከነጀርባው ሦስት አኃዝ ያነብልዎታል። የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ያንን ኮድ ማስቀመጥ ይከለክላል፤ በድምፅም ቢሆን። ሌላው «ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ አዲስ አበባ ነን፣ ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው» ይልዎታል። ይህ ሁሉ ሠራተኛዎም በሚነካው ስልክ ውስጥ ይቀመጣል።

በሜሪላንድ የቤት እድሳት ውል በጽሑፍና በፊርማ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከውሉ ዋጋ ሲሶ አይበልጥም። ወረቀቱ ላይቀር፣ 6 ይሁን 8 እዚያው ይጻፋላ! የቨርጂኒያውን ፍርድ ቤት ነገርም እስካሁን አልመለሱልኝም፤ ይኸው ሁለት ጊዜ ዘለሉት።

ተቋራጩ፦

ውሉ ከመጻፉ በፊት ዋጋ ይገመታል፤ ዋጋው የሚገመተው በስልክ ከተባለው ነው። ለፍርድ ቤት ነው ያለውስ ማን ነው? ለታይሉ ነው። 66 ይሁን 88 እንዳይረሳ።

ምግብ አዘጋጇ፦

ለታይሉ ከሆነማ መቅዳት ያለብዎ የራስዎን ድምፅ ነው። ስልኩ እንደተዘጋ፣ መኪናዎን ጥግ ያስይዙና የድምፅ ማስታወሻውን ከፍተው «ሦስት ግድግዳ፣ 8 ጫማ፣ ታይል ከእሷ፣ ፍርስራሽ ከእኛ» ይበሉ። 15 ሰከንድ ነው። በየትኛውም ድልድይ ማዶ የማንም ፈቃድ አይጠየቅበትም።

ተቋራጩ፦

እና ደንበኛዋ «8 ጫማ አላልኩም» ስትል የራሴን ድምፅ ላሰማት?