ቁርጥ አባቱን

አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ሕፃኑን ገለጥ አድርጎ «ቁርጥ አባቱን!» ሳይል አይነሳም። አባትየውን አይቶት ባያውቅም ይላል፤ ገንፎ ቀርቦለት ዝም ማለት ነውር ነዋ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሁለት ጊታሪስቶች ቡና ላይ ሲገናኙም እንዲሁ ነው። አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው የጊታር ድምፅ ማጉያን (አምፕን) ወደሚያስመስለው ዕቃ፣ ወደ ዲጂታል አምፕ ሞደለር ይዞራል። አንደኛው ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ ያሰማል፤ «ስማውማ፣ ቁርጥ ትዊን ሪቨርብን!» ሁለተኛው ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ቡና ቀማሽ አጣጥሞ ይፈርዳል፤ «ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን ይጎድለዋል።» ፍርዱ የተሰጠው ምስር ከምታክል የስልክ ስፒከር በወጣ ድምፅ ላይ ነው። ትዊን ሪቨርብ የተባለውን አባት አምፕ ደግሞ ከሁለቱ አንዱም በአካል አላገኘውም።

ባያገኙት አይፈረድባቸውም። ፌንደር የ1965ቱን እያስመሰለ የሚሠራው ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት ነው፤ አሥር ቫልቭና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ተሸክሞ 29 ኪሎ ይመዝናል። አንድ የአውሮፕላን ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት 23 ኪሎ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣን አጎት «ጋሼ፣ 29 ኪሎ አምፕ ይዘውልኝ ቢመጡ» ማለት ዝምድናን መፈተን ነው። ቢመጣ እንኳ የአሜሪካው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የጅማ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። ረስቶ የሰካው ሰው ያ ይጎድላል ሲባል የከረመውን ሙቀት በአንድ ጊዜ ያገኘዋል፣ ከነጭሱ።

ሞደለሩ ኮምፒውተር ነው። ሦስት ነገር ያስመስላል፤ መጀመሪያ ፔዳሎቹን (በእግር የሚረገጡትን የድምፅ መቀየሪያዎች)፣ ቀጥሎ የአምፑን ሰርኪት፣ መጨረሻ ላይ የስፒከር ሳጥኑንና ፊቱ የተተከለውን ማይክ። ሦስተኛው አይአር ይባላል፤ አንድ ሳጥን ለቅጽበታዊ ድምፅ የሰጠው መልስ የተቀዳበት፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሴኮንድ የማይሞላ የድምፅ ፋይል ነው። ቡና ላይ የሚከራከሩት ስለ ሁለተኛው ነው። ድምፁን አብልጦ የሚለውጠው ግን ሦስተኛው ነው፤ አምፑን ሳይነኩ አይአሩን ብቻ ቀይሮ መስማት ለማመን ይበቃል።

እንደ ሽማግሌ ዘሩን ለሚጠይቅም፦ ላይን 6 የተባለው ኩባንያ ቀይ ቦሎቄ የመሰለውን ሞደለር፣ ፖድን፣ ያወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ፍራክታል በ2006 አክስ-ኤፍኤክስን፣ ኬምፐር በ2011 ፕሮፋይለሩን፣ ላይን 6 ራሱ በ2015 ሂሊክስን አስከተሉ። የኬምፐር ልዩነቱ አባትየውን ፊቱ አስቀምጦ፣ ድምፅ ልኮበት፣ መልኩን መገልበጡ ነው። ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባለው ሶፍትዌር ዛሬ ይህንኑ በነፃ ይሠራል። ላፕቶፕ ላለው ሰው የሚጎድለው የጊታር መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ብቻ ነው፤ 48 ኪሎኸርዝ ላይ በፈሩን (ድምፁ ተጠራቅሞ የሚያልፍበትን ቋት) 128 ናሙና ቢያደርገው በአንድ አቅጣጫ የሚጨምረው መዘግየት 3 ሚሊሴኮንድ አይሞላም። ግን በነፃ የተገኘ ዕቃ ቡና ላይ ማን ያደንቅለታል?

«ዲጂታል ይዘገያል» የሚል አንድ ሰው ከየቡናው አይጠፋም። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከአምፑ ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ጊታሪስት የራሱን ክር የሚሰማው ከ9 ሚሊሴኮንድ በኋላ ነው፤ ዘገየብኝ ሲል ግን አልተሰማም። ሁለት ሰዓት የተቀጠረውን ልምምድ አራት ሰዓት የሚጀምር ባንድ ስለ ሚሊሴኮንድ መጨነቁ ራሱ ይገርማል።

«ይመስላል ወይስ አይመስልም» የሚለው ለበረካ ይቆይና፣ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ምን ላይ እንደሚሰካ ነው። ጅማ ላይ ሠርግ ቢሆን፣ ሆቴል ቢሆን፣ ቸርች ቢሆን ጊታር የሚያርፈው ሞንታርቦ ላይ ነው። ጊታሩን ቀጥታ ሚክሰሩ ላይን መግቢያ ላይ የሚሰካ ብዙ ነው። የዚያ መግቢያ ኢምፒዳንስ (ለሚገባው የኤሌክትሪክ ምልክት ያለው መቋቋም) ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎኦም አካባቢ ነው፤ የክሩን ንዝረት ለሚይዘው የጊታር ፒክአፕ የሚመቸው 1 ሜጋኦም ነው፣ መቶ እጥፍ። ፒክአፑ ሸክሙ ሲከብደው ትሬብሉን መንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል፤ ድምፁ ውሃ የበዛበት ሽሮ ይሆናል። ጊታሪስቱ ይናደድና ዲስቶርሽን ፔዳል ይጨምርበታል፤ አሁን ደግሞ ንብ ይሆናል። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል፤ የሞንታርቦው ትዊተር ግን ምንም ሳያስቀር ለሙሽሮቹ ያደርሰዋል። የጅማ ንብ ቢያንስ ማር ትሰጣለች።

ሞደለር ሽሮውንም ንቡንም በአንድ ጊዜ ያድናል፤ መግቢያው ብዙውን ጊዜ 1 ሜጋኦም ነው፣ አይአሩም የላይኛውን ጩኸት ይቆርጣል። ስለዚህ እንጀራው ሞንታርቦ ላይ የሆነ ሰው ይግዛ፤ ትንሹ ይበቃዋል። ቦስ ጂቲ-1ም ሆነ ዙም ጂ1 ፎር በአራት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ይሠራሉ። መብራት ሲሄድ ሞንታርቦው አብሮ ስለሚሄድ ሞደለሯ ብቻዋን ቦግ ብላ መታየቷ ያስቃል፤ ግን ጀነሬተሩ ሲነሳ እንደ ኪቦርዱ እንደ አዲስ እስክትከፈት አትጠበቅም። ቤቱ ደህና አምፕ ኖሮት ከሳሎኑ ወጥቶ የማይጫወት ሰው ደግሞ ብሩን ለጥሩ ክርና ጊታሩን ለማሠራት ያውለው። ይህን ቡና ላይ የሚመክር የለም። የሰው ገንዘብ ሲወጣ ማየት ደስ ይላላ።

የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከሳውንድ ማኑ ጋር ነው። ሳውንድ ማኑ ለዓመታት ሽሮውን ሊያድን የጊታሩን ትሬብል ሽቅብ መግፋት ለምዷል፤ ሞደለሩ ሲመጣም እጁ ወደዚያው ትሄዳለች። መጀመሪያ እሱን ቡና መጋበዝ ነው። ቀጥሎ ቻናሉ ላይ ያሉት የኢኪው (የቤዝና የትሬብል ማስተካከያ) ቁልፎች ሁሉ መሐል ላይ ይቁሙ። ሞደለሩ ኤክስኤልአር (እንደ ማይክ ገመድ ባለ ሦስት እግር) መውጫ ካለው ከዚያ በቀጥታ ወደ ማይክ መግቢያ፣ 48 ቮልት የሚለው ቁልፍ ግን ጠፍቶ። ኤክስኤልአር ከሌለው ኃይል በማይፈልግ ዲአይ ቦክስ (ምልክቱን ለማይክ መግቢያ በሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) በኩል ይሂድ፤ «ዝዝዝ» ካለ ዲአይው ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚለውን መጫን። ሞደለሩ ውስጥ ደግሞ ከሥር የሚቆርጠው ሎው ከት 90 ኸርዝ፣ ከላይ የሚቆርጠው ሃይ ከት ከ6 እስከ 7 ኪሎኸርዝ ይሁን። ከ90 በታች ያለው የቤዝ ጊታሩ ቀበሌ ነው፤ እዚያ ገብቶ መሬት የሚካፈል ጊታሪስት ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይሸነፋል።

ልምምድ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጥግ ላይ ያረጀ የጊታር አምፕ ይኖርና ሞደለሩ ፊት ለፊት ባለው መግቢያ ከነሙሉ ልብሱ ይሰካበታል። ጋቢ ላይ ካፖርት፣ ካፖርት ላይ ሌላ ጋቢ። አምፕ አምፕ ውስጥ፣ ሳጥን ሳጥን ውስጥ ይገባና ድምፁ በርሜል ውስጥ ይቀራል፤ «ዲጂታል እኮ እንዲህ ነው» ተብሎ ይታማል። አምፑ ከኋላው ኤፌክት ሪተርን የሚል ቀዳዳ ካለው እዚያ ሰክቶ አይአሩን ብቻ ማጥፋት ነው። ቀዳዳው ከሌለ የአምፑንም የአይአሩንም ብሎክ አጥፍቶ ዕቃውን በፔዳልነት ብቻ ማሠራት ነው።

ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ በሄድፎን የተቀመመ ድምፅም ዳስ ላይ አይታመንም። ጆሮ ድምፅ ሲያንስበት ቤዙና ትሬብሉ ይደበዝዙበታል፤ የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ማንሰን ይህን ለክተው ያሳዩት በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ሌሊት ላይ ሁለቱንም ከፍ፣ መሐሉን ዝቅ አድርጎ «አቤት ሲያምር!» ብሎ የተኛ ሰው፣ በማግስቱ ሞንታርቦው ሲጮህ ቤዙ ይጎረብጣል፣ ትሬብሉ ይወጋል፣ ጊታሩ የኖረበት መሐሉ ደግሞ በኪቦርድና በድምፃዊ ተይዞ ይጠብቀዋል። ኪቦርዲስቱ በዚህ አያዝንም።

ከሁሉም የሚብሰው ድምፁን እያዘገየ የሚደግመው ዲሌ ነው። ፋብሪካው ሞልቶ የሚልካቸው ፕሪሴቶች (ዝግጁ የድምፅ ቅንብሮች) በአብዛኛው ለአራት ምት ዘፈን የተቀመሙ ናቸው። ዶትድ ኤይዝ (የአንድ ምት ሦስት አራተኛ) የሚባለው የተለመደው ዲሌ በደቂቃ 120 ምት ላይ 375 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። ችክችካ ግን እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል፤ በዚያው ፍጥነት ሙሉው ምት 500፣ ሲሦው 167፣ ሁለት ሲሦው 333 ነው። 375 ከ333ም ከ500ም ሳትሆን በመሐል ትወድቅና እስክስታ የሚወርደው ሰው ቀኝ ትከሻውን ሊያነሳ ሲል ግራው ይነሳል። እንግዳው መጠጡን ይጠረጥራል እንጂ ጊታሪስቱን አይጠረጥርም። ዲሌውን 167 ወይም 333 ላይ ማሰር፣ ካልሆነም ሠርግ ላይ ጨርሶ ማጥፋት ነው።

ሂሊክስ 1,024 ፕሪሴት የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ሠርግ የሚጠይቀው አራት ነው፤ ለትዝታና ለባቲ ጌይኑ ዝቅ ያለ የፌንደር ዓይነት ክሊን ከስፕሪንግ ሪቨርብ ጋር፣ ለሬጌ ትሬብሉ የተቀነሰ፣ ለሶሎ ቮልዩሙ ጥቂት ከፍ ያለ፣ አራተኛው ድምፃዊው ስልክ ሲያነሳ የሚያገለግል ዝምታ። የቀሩት 1,020ዎቹ እንደ ጅማ ዝናብ ናቸው፤ ተጀምረው አያልቁም፣ ጊታሪስቱም ሲያገላብጣቸው መለማመዱን ይረሳል።

ዝናቡ ከተነሳ፣ ዳስ ውስጥ ዕቃውን እርጥብ ሣር ላይ መጣል አይሆንም። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ስለሆነ ባልተስተካከለ መሬት አይወዛወዝም፤ ለሞደለሩ አንድ፣ ለዲቫይደሩ ሌላ አንድ መለመን ነው። አክስቶች መቀመጫ ተነጠቅን ብለው ያጉረመርማሉ፤ ይችሉታል።

አዳፕተሩ ግን ቀልድ አያውቅም። ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ነው። «100–240» የሚል ከሆነ የትም ይሠራል፤ «120» ብቻ ካለ ጅማ ላይ አይሰካ። በመውጫው በኩል ዙም ጂ1 ፎርም ቦስ ጂቲ-1ም የላይን 6 ኤችኤክስ ስቶምፕም የሚፈልጉት 9 ቮልት መሐሉ ኔጋቲቭ የሆነውን ነው፤ በክቡ ሥዕል ላይ የመሐሉ ነጥብ ከመቀነስ ምልክቱ ጋር ተገናኝቶ ይታያል። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ጫፉ ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፣ መሐሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ነው። አምፔሩም ይለያል፤ ትንሿ ዙም 500 ሚሊአምፔር ይበቃታል፣ ኤችኤክስ ስቶምፕ ግን 3 አምፔር ይጠይቃል፤ በፔዳል አዳፕተር አይነሳም። ሶፍትዌሩን አፕዴት ማድረግ ደግሞ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ዕቃው ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ ሆኖ ደንዝዞ ሊቀር ይችላል።

ይህ ሁሉ ተጠንቶ፣ ዕቁቡ ደርሶ፣ ብሩ በዘመድ በኩል ተልኮ፣ አጎት ከወራት በኋላ ይመጣሉ። ከሻንጣው የአክስት ቫይታሚን ይወጣል፣ የሕፃናት ጫማ ይወጣል፣ ሻምፑ ይወጣል፣ በመጨረሻ በካልሲ የተጠቀለለው ሞደለር ይወጣል። በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሰው ይሰበሰባል።

«ጋሼ፣ አዳፕተሩስ?»

«የቱ? ያ ጥቁሩ ቻርጀር? ኪሎ በዛብኝና አወጣሁት። ቻርጀር ጅማ አይጠፋም ብዬ ነው፣ አቦ!»

ያ የፈረንጅ አራዳው ቡና ቀማሽ ጎንበስ ብሎ ያልበራውን ዕቃ በመዳፉ ይዳስሳል። «ሙቀቱ ይጎድለዋል ብዬህ አልነበር?»