ያረጀ ሞተር እቤት ይፈታ ወይስ ጋራዥ ይግባ?

በየክልሉ ዛሬም የሚሠሩ ያረጁ የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች አሉ። ሆንዳ ሲጂ 125፣ ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100። አንዳንዶቹ የመሥሪያ ቤት ንብረት ሆነው ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ ኖረው በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ የገቡ ናቸው። የዛሬው ክርክር በእነሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው ጥገናውን እቤቱ ራሱ ይሥራ ወይስ ለመካኒክ ይተው? አንደኛው ተከራካሪ ሞተሩን ግቢው ውስጥ ራሱ የሚጠግን ባለንብረት ነው። ሌላው ዕድሜውን በሞተር ጋራዥ ያሳለፈ መካኒክ ነው።

ባለሞተሩ፦

ጋሼ፣ በቅድሚያ አክብሮቴ ይድረስዎ። ሙያዎን የምንቅ ሰው አይደለሁም። አቋሜ ግን ግልጽ ነው፤ የአሮጌ ሞተር የመጀመሪያው መካኒክ ባለቤቱ መሆን አለበት።

ይህን የምለው ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ሞተሮቹ ራሳቸው የተሠሩት እንዲህ ታስቦ ነው። ሲጂ 125ን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ የታሰበው መንገዱ ለከፋበት፣ ጋራዥ በቅርብ ለማይገኝበት አገር ነበር። በጊዜው ብዙዎቹ የሆንዳ ሞተሮች ቫልቩን፣ የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ በር፣ የሚከፍተው ካማቸው ከላይ ሆኖ በካቴና ነበር የሚዞረው። መሐንዲሶቹ ያንን ትተው ቫልቩን በዘንግ የሚገፋውን የቆየ አሠራር መረጡ። የካም ካቴና ይላላል፣ ክትትል ይፈልጋል። ዘንጉ አይፈልግም። የኋላ ካቴናውንም አቧራና ጭቃ እንዳይበላው በቆርቆሮ ሸፈኑት። ለእርሻ ሥራ የተሠራው ኤጂ 100ም ካቴናው ሽፍን ነው።

ፋብሪካው ከሞተሩ ጋር የቁልፍ ከረጢትም ይሰጥ ነበር። የካንዴላ (የእሳት መስጫው) መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ። ባለቤቱ ሞተሩን እንዲነካው ባይፈልግ ኖሮ ይህን ለምን ይሰጠዋል?

ጠዋት አልነሳም ያለ አሮጌ ሞተር ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እሳት፣ ቤንዚን ወይም አየር ነው። መጀመሪያ ካንዴላው ይፈታል። ጫፉ የቡና ቀለም ከያዘ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደርቆ ከጠቆረ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። ክፍተቱ ይለካል፤ ሲጂ ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር።

ቀጥሎ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ነው። ለወራት የቆመ ሞተር ላይ ቤንዚኑ ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። ያ ሙጫ ቀድሞ የሚደፍነው ትንሿን ጂግለር፣ የቤንዚን ማሳለፊያዋን፣ ነው። ሞተሩ ጋዝ ሲሰጡት ይሄዳል፣ ሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳይሰጡት ሲዞር፣ ግን ይጠፋል። መድኃኒቱ መፍታትና ማጠብ ነው። ጂግለሯን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩባት ቀዳዳዋ ጥርት ብላ ክብ ሆና መታየት አለባት። በሽቦ መጎርጎር የለም። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ጠጪ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ዲፕሎማ አያስፈልግም። ትዕግሥትና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

ስለ ጋራዥም አንድ ነገር ልበል። አሮጌ የጃፓን ሞተር ላይ ያሉት ባለመስቀል ብሎኖች የጃፓን ደረጃ አላቸው፤ ጂአይኤስ ይባላል። ከተለመደው ፊሊፕስ ካቻቪቴ ጋር ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ፊሊፕሱ በደንብ ስለማይቀመጥ ሲጠመዘዝ ይዘልና ጥርሱን ይበላዋል። ከጋራዥ የወጡ አሮጌ ሞተሮችን የጎን ሽፋን ተጠግተው ይዩ። ብሎኖቹ ተበልተው በመሮ ተመትተው የዞሩ ናቸው። የራሱ ንብረት የሆነ ሰው እንዲህ አያደርግም።

መካኒኩ፦

ወንድሜ፣ ስለ ብሎኖቹ ያልከው እውነት ነው። እኔም ልጆቹን ሳሠለጥን ከዚያ ነው የምጀምረው። የሲጂን ታሪክ ግን ስትተርክ ለእኔ መሰከርክልኝ። መሐንዲሶቹ ያን ሞተር እንደዚያ የሠሩት ባለቤቱ ጎበዝ ጠጋኝ ነው ብለው አይደለም። እንደማይከታተለው ስላወቁ ነው። ዘይቱ ሳይቀየር፣ ማጣሪያው ሳይጸዳ፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ እንደሚሄድ ስላወቁ ነው። ብዙ እንዳይነካ ተብሎ የተሠራን ሞተር አንተ በየሳምንቱ ልፍታው ትላለህ።

እቤት የሚፈታው ሞተር እኔ ጋ እንዴት እንደሚመጣ ልንገርህ። ሻንሲው በጋሪ፣ የቀረው በማዳበሪያ ተቋጥሮ። ቮላኖው፣ ከሞተሩ ዋና ዘንግ ከክራንኩ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት፣ በማርቴሎ ተደብድቧል። መንቀያው የራሱ ነው፣ ጥርስ ገብቶ የሚስብ። እሱን ያላገኘ ሰው በመዶሻ ይሞክራል። ውስጡ ያለው ማግኔት ይሰነጠቃል፣ የክራንኩ ጫፍ ይጎዳል። የዘይት ማፍሰሻው ደግሞ ከመጠን በላይ ተጠብቆ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተግጧል።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ የበሽታውን ምንጭ መለየት ነው። ካንዴላ ማንበብ ትችላለህ፣ ጥሩ። አንድ ባለ ዲቲ ካንዴላውን ፈትቶ ነጭ ሆኖ አገኘው እንበል። ነጭ ማለት ቤንዚን አንሷል ማለት ነው ይላል፣ ልክ ነው። ትልቅ ጂግለር ገዝቶ ይገጥማል። ለጊዜው ይሻለዋል። ካርቡራተሩ ግን አላጠፋም ነበር። ዲቲ ቱ ስትሮክ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ነው። በቱ ስትሮክ ቤንዚኑና አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ከመግባታቸው በፊት በክራንክ ቤቱ ያልፋሉ። በቮላኖው በኩል የክራንኩ ኦይል ሲል (አየርና ዘይት የሚያግደው ጎማ) በዕድሜ ደርቆ ከተሰነጠቀ ሞተሩ በዚያ አየር ይስባል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ካለቀ ደግሞ የማርሽ ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፤ ጭሱ ነጭ ይሆናል፣ የማርሹ ዘይት ሳይፈስ ይጎድላል። ሰውየው የሠራው ምልክቱን መሸፈን ነው። ሲሉ መሰንጠቁን ይቀጥላል፣ አየሩ ይጨምራል። አንድ ቀን ረጅም ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ሲወጣ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)፣ የኋላው ጎማ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ መስፋት አለበት። 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቱ) መፈለግ ነው። ለአሮጌ ዲቲ ያንን ማግኘት ቀላል አይደለም።

እኔ ይህን ከጆሮ አውቀዋለሁ። ጋዙ ሲለቀቅ ሞተሩ ቶሎ ካልወረደ፣ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ከቆየ፣ ከካርቡራተር በፊት ሲሉን እጠረጥራለሁ።

ባለሞተሩ፦

ክራንክ ቤት መክፈትን ለርስዎ ትቼዋለሁ፤ ከመጀመሪያውም አልጠየቅኩም። ነገር ግን የነገሩኝን ምልክት መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው? ሞተሩን በየቀኑ የሚነዳው ነው። እርስዎ ጋ የሚደርሰው ከነከሰ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የሚንጠለጠል ሚኒሞ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ባለቤት ሞተሩን ከዳገቱ በፊት ያቆመዋል። ያን ማወቅ የሚመጣው ደግሞ እጅ ከመፍታት ነው። ሞተሩን ነክቶ የማያውቅ ሰው ድምፁንም አይሰማም።

ሌላው የቦታው ጉዳይ ነው። አገራችን ከፍታዋ ይለያያል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200። ሽቅብ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ ቆላ ላይ ልክ የነበረው ቤንዚን ደጋ ላይ ይበዛል። ሞተሩ ይደክማል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው የካርቡራተሩን መርፌ አንድ እርከን ማውረድ ነው። መርፌውን የያዘችው ቅንጥብ ወደ ላይኛው ጎድጓዳ ትወጣለች፣ መርፌው ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ይህን ለማያውቅ ባለቤት ጋራዡ አዲስ ካርቡራተር ሲሸጥለት ያየሁት ነገር ነው።

ቫልቭም እንደዚሁ። ሲጂ ላይ የሁለቱም ቫልቮች ክፍተት 0.08 ሚሊሜትር ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ቮላኖው ላይ ያለችው የቲ ምልክት ከመስመሯ ጋር ትገጥማለች። ከዚያ ቫልቮቹን የሚገፉት ሁለቱም ሮከሮች በእጅ ሲነኳቸው ትንሽ መላወስ አለባቸው። አንዱ ከጠበቀ ፒስተኑ በሌላው ምት ላይ ነው፤ አንድ ዙር ይጨመራል። ፊለር ጌጁ፣ ክፍተት የሚለካው ስስ ብረት፣ በመጠኑ እየያዘ ካለፈ አለቀ። ፋብሪካው ይህን የባለቤቱ መመሪያ ላይ በሥዕል ያስቀመጠው እኮ ለጌጥ አይደለም።

ዘይትን ደግሞ ባለቤቱ ካልተከታተለ ማንም አይከታተልለትም። ሲጂ አንድ ሊትር ያህል ነው የሚይዘው። አንድ ሊትር ዘይት ሞተሩንም ማርሹንም ፍሪሲዮኑንም ያጠጣል። አንዳንድ የመኪና ዘይት መንሸራተትን የሚጨምር ቅመም አለበት፤ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጀሪካን ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ጽሑፍ (ፍሪሲዮን የማያንሸራትት የሞተር ብስክሌት ዘይት መለያ) መፈለግ የባለቤቱ ሥራ ነው።

መካኒኩ፦

ስለ ከፍታው ጎበዝ ብዬሃለሁ። ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። ደብረ ብርሃን ላይ መርፌውን ያወረደ ሰው ድሬዳዋ ሲወርድ መልሶ ካላስተካከለው ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቆላው ሙቀት አለው፣ ቤንዚኑ አነሰ፤ ቱ ስትሮክ ከሆነ የሚነክሰው እዚያ ነው። ደግሞ ኤጂ 100 ላይ ያማሃ አውቶሉብ የሚለው የዘይት ፓምፕ አለ። ቱቦውን ነቅለህ ካጸዳህ ወይም የዘይት ጋኑ ከደረቀ አየር ይገባበታል። አየሩን ሳታስወጣ ካስነሳኸው ለጥቂት ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚዞረው። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተሩን በገዛ ጽዳቱ ይገድለዋል።

ይሁን። ሞተር ከሞተ ሰው ገፍቶት እቤቱ ይገባል። እኔ የምሰጋው ፍሬንን ነው፤ ከልቤ የምከራከረውም እሱ ላይ ነው። ፍሬን የባለቤቱ ብቻ አይደለም። መንገድ የምትሻገረው ልጅም ናት።

አብዛኛው አሮጌ ሞተር የሚቆመው በከበሮ ፍሬን ነው። ከበሮውን የሚይዘው ሸራ ሲያልቅ የፍሬኑ ዘንግ እየተሳበ እየተሳበ የእጀታው ማዕዘን ይጠፋል። እቤት የሚሠራው ሰው ብልሃት ያገኛል። ሸራውን ከሚገፋው የፍሬን ካም ጫፍ ላይ እጀታውን ነቅሎ ጥርሱን አንድ እርምጃ ያሳልፈዋል። ፍሬኑ እንደገና ይይዛል፣ ደስ ይለዋል። ሸራው ግን ያው ነው። ካሙ ከልኩ በላይ ዞሮ አንድ ቀን ይገለበጣል፤ ከዚያ አይመለስም። ጎማው ታስሮ ይቀራል። ሌላም አለ። አሮጌ ሸራ በማጣበቂያ ነው የተያዘው። ዓመታት ያለፉት ማጣበቂያ ይለቅና ሸራው ከብረቱ ተላቅቆ ከበሮው ውስጥ ይቀረቀራል። ያኔም ጎማው ይታሰራል። የፊቱ ከሆነ ሰው በጭንቅላቱ ነው የሚወድቀው።

ባለሞተሩ፦

እጀታውን ማሳለፍ ጥፋት ነው፣ አልከራከርም። ግን ያንን ብልሃት ስንቱ ጋራዥ ይጠቀምበታል? ደንበኛው ስለማያውቅ አይጠይቅም፤ ስለማይጠይቅም ይታለፋል። ብዙ ሞተሮች ላይ የፍሬኑ ካም ጫፍ ቀስት አለው፣ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ምልክት። ፍሬኑ ተይዞ ቀስቱ ምልክቱ ላይ ከደረሰ ሸራው አልቋል። ይህን ለማየት አንድ ብሎን እንኳ መፍታት አያስፈልግም። ባለቤቶች ይህን ቢያውቁ እርስዎ የሚፈሩት አደጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

አቧራውንም ጠንቅቄ አውቃለሁ። ብዙ የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው። በአየር መንፋት ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጸዳው። እውነቱን ለመናገር በኮምፕረሰር ሲነፋ የማየው ጋራዥ ውስጥ ነው። ሠልጣኝ ልጆቹ ናቸው የሚተነፍሱት።

የፊት ፍሬኑን ራሴ እከፍታለሁ። ይህን አልተውም። ሕይወቴ የተንጠለጠለበትን ነገር በዓይኔ ሳላይ አልነዳም።

መካኒኩ፦

የአቧራው ነገር እውነት ነው። የጋራዥ ሰዎች ሊሰሙት ይገባል። መክፈቱንም ክፈት፣ አልከለክልህም። ከከፈትክ በኋላ የምትፈርደው ፍርድ ግን የኔ ነው ባይ ነኝ። ሸራውን አውጥተህ ጠርዙን በጥፍርህ ሞክረው። ከብረቱ ከተነሣ፣ በትንሹም ቢሆን፣ መልሰህ አትግጠመው። ካሙን ነቅለህ ግራሶ ቀጭን አድርገህ ቀባው፤ ከበዛ ሸራው ላይ ይደርሳል። ከበሮውን በጣትህ ዳስሰው። መሐሉ ጎድጉዶ ጠርዙ እርከን ከሠራ ቶርኖ ቤት ይዘኸው ና፣ አብረን እንለካዋለን። ከገጠምክ በኋላ ደግሞ ዋና መንገድ ሳትወጣ ሜዳ ላይ ዝግ ብለህ ሞክረው።

የክራንክ ሲልና የአውቶሉብ ፓምፕ ላይ ግን ቃሌ አልተቀየረም። እሱን ለኔ አምጣው። በማዳበሪያ ሳይሆን፣ ሳይፈታ።